የቤንዚን ሰልፍ ጠባቂዋ

ታናሽ እህቴ ሮማን ከውጭ ለዕረፍት በመጣች ቁጥር መኪና ትከራያለች፤ ቤንዚን ሰልፍ ላይ ደግሞ እኔን ታስቀምጠኛለች። «ከተሞላ ወንዶ ገነት ፍልውሃ እወስድሻለሁ» ትለኛለች። ሲሞላ ግን ጓደኞቿን ጭና ትሄዳለች፣ እኔ እዚሁ ታቦር ሰፈራችን እቀራለሁ። ስንት ዓመት እንዲህ ሆነ!

ዘንድሮም ፎጣና ሳሙናዬን በፌስታል ይዤ መናኸሪያ አጠገብ ያለው ማደያ ከጠዋት ጀምሮ ተሰለፍኩ። መንዳት ስለማላውቅ መሪውን ብቻ እይዛለሁ፤ ሰልፉ ፈቀቅ ባለ ቁጥር ከኋላ ያሉት ሾፌሮች ይገፉኛል። ልደርስ ስል ሮማን ከፒያሳ ደወለች።

«እትዬ፣ ደረሰሽ? እኛ ተዘጋጅተናል።»

«እናንተ እነማን ናችሁ?»

«ጓደኞቼ ናቸዋ። ቦታ ሞላ፤ አንቺን ሌላ ቀን...»

«መኪናውን ነገ አይደል እንዴ የምትመልሺው?»

ስልኩን ዘጋሁባት።

«እናት፣ ተራሽ ነው፣ ግቢ እንጂ!» አለ ከኋላዬ ያለው ሾፌር።

«ከሰልፉ አውጡኝ።»

«ይሄን ሁሉ ጠብቀሽ? አብደሻል እንዴ?»

«አላበድኩም። ግፋ!»

እየሳቁብኝ ገፉልኝ። መኪናውን ጥግ አስይዤ ቆለፍኩና ቁልፉን ለማደያው ጥበቃ ሰጠሁት። ከዚያ ፌስታሌን አንጠልጥዬ የወንዶ ገነት ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።