በርሜሉን ያባረረው ቱቦ

«ይሄን በርሜል በሦስት ክንድ ቱቦ ካልተካሁት ከምላሴ ፀጉር ይነቀል፤» አለች መብረቅ፣ ወገቧን ይዛ በርሜሉን እንደ ባላንጣ ከላይ እስከ ታች እያየች።

መብረቅ የተባለችው ሁሉን ነገር በጥድፊያ ስለምትሠራ ነው። ሳህን ስታጥብ ከሳህኑ ይልቅ ወለሉ ይጸዳል። አክስቷ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ናት። ከቤቱ ጓሮ ባለው ክፍል ፈሳሽ ሳሙና እየሠራች ትሸጣለች፤ ሃያ ዓመት አንድ በርሜል በአንድ ማማሰያ ስታማስል ኖራ የቀኝ ክንዷ የግራውን እጥፍ አክሏል።

እውነቱን ለመናገር መብረቅ በርሜሉን የጠላችው ለሳይንስ አስባ አይደለም። በርሜሉ የተቀመጠበት ክፍል መስኮት አለው፣ በር አለው፣ በሩም ቁልፍ አለው። እሷ ግን የምትተኛው ከአክስቷ ጋር በአንድ አልጋ ላይ ነው፤ አክስቷ ደግሞ በእንቅልፏም ታማስላለች። ክርኗ የመብረቅን ጎድን እየታከከ ሲዞር ያድራል፤ ጠዋት ላይ ልጅቷ ከአልጋ የምትነሳው በደንብ ተማስላ ነው።

«አክስቴ፣ በርሜሉ ቢወጣ ክፍሉን ትሰጪኛለሽ?»

«በርሜሉ ወጥቶ እኔ ምን ልብላ?»

«ሳሙናው ያለ በርሜል ቢሠራስ?»

«እሺ፣ ያለ በርሜል ሠርተሽ ደንበኛዬ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ኃላፊ ከተቀበለችሽ ክፍሉንም ቁልፉንም ውሰጂ። አሁን ወዲያ በይልኝ፣ ላፈስ ነው።»

የሳሙናው ጣጣ ይሄ ነው። እንደ ማር የወፈረ ጥቁር አሲድ አለ፤ ኮስቲክ ሶዳ የሟሟበት ውሃ አለ። ሁለቱ ሲገናኙ ይግላሉ። ቸኩለው ከገለበጡት በርሜሉ ይንተከተክና ይገነፍላል። ስለዚህ አክስቲቱ መነጽርና ጓንቷን አድርጋ አንድ ኩባያ ታፈሳለች፣ ታማስላለች፣ እስኪበርድ ትጠብቃለች፣ ሌላ ኩባያ ትደግማለች። ግማሽ ቀን እንዲህ ያልቃል። ከዚያ በጨው ታወፍረውና «በሉ ይቀመጥ» ብላ እስከ ማግስቱ ትተወዋለች። ለምን እንደሚቀመጥ መብረቅ ጠይቃ አታውቅም፤ መልስ መስማት ጊዜ ይወስዳላ።

ሐሳቡ የመጣላት ከጎረቤታቸው ከቧንቧ ሠራተኛው ነው። እሱ ከትልቁ ፋብሪካ ሥራ አግኝቶ ሰንብቶ ነበር።

«ፎቅ የሚያህል ጋን ነቅለን አወጣን፤» አላት። «በቦታው ቁም ሳጥን የምታህል ነገር ገባች። ምርቱ እንደሆነ እንዲያውም ጨመረ።»

«እንዴት ሆኖ፣ ጋሼ?»

«ሁሉን ነገር አንድ ላይ ከምታማስዪ፣ ጥቂት ጥቂቱን በቀጭን ቱቦ ታሳልፊዋለሽ። ቱቦው ውስጥ የተጠማዘዘ ብረት አለ። ፈሳሹ በዚያ ላይ ሲሽከረከር ራሱን ያማስላል። ጥቂት ስለሆነ ደግሞ ቶሎ ይበርዳል።»

«ማማሰያ የሚይዝ ሰውስ?»

«ቁጭ ብሎ ያያል።»

መብረቅ ይሄን ስትሰማ ክፍሏ ውስጥ ተኝታ መስኮት የምትከፍት መሰላት።

መብረቅና ቧንቧ ሠራተኛው ቱቦውን ለመሥራት ሦስት ቀን ፈጀባቸው። ቆርቆሮ ለመጠምዘዝ ስትቸኩል የመብረቅ ጣት እንዳይቆረጥ፣ ቀጫጭን የፕላስቲክ ጭረቶችን በሙቅ ውሃ አለስልሰው እንደ ሹሩባ አጠማዘዙና ቱቦው ውስጥ ከተቱ። ቱቦውን ጠምጥመው ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ ነከሩት። አሲዱን በውሃ አቀጠኑ፤ ጨውን ቀድመው ከሶዳው ውሃ ጋር አሟሙ። ሁለት ትንንሽ ፓምፖች ቧንቧ ሠራተኛው ከአሮጌ ዕቃው ፈልጎ አመጣ፤ አንዱ አሲዱን፣ አንዱ ሶዳውን ይገፋል።

የመጀመሪያው ሳሙና አሲድና ሶዳ በቀለም የምትለየዋን ወረቀት ቀይ አደረጋት፤ አሲድ በዝቷል። ሁለተኛው ሰማያዊ አደረጋት፤ ሶዳ በዝቷል። በሦስተኛው የአሲዱን ቧንቧ ጥፍር ታህል ከፈት ቢያደርጉት ወረቀቷ ዝም አለች። ሳሙናው እንደ ወተት ነጥቶ፣ አረፋ እየደፈቀ ከቱቦው ጫፍ ቀጥታ ወደ ጀሪካኑ ወረደ።

አክስቲቱ በር ላይ ቆማ ስታይ የቀኝ ክንዷ አየሩን ያማስል ነበር።

«በአንድ ሰዓት ሃያ ጀሪካን፤» አለች መብረቅ። «ሁሉም አንገቱ ድረስ። አንቺ ሁለት ቀን ይፈጅብሽ ነበር።»

«ሞልቷል?»

«አታዪም እንዴ?»

አክስቷ አየች፣ ፈገግ አለች፣ ሄደች። መብረቅ ፈገግታውን ሽንፈት ብላ ተረጎመችውና ወዲያው በርሜሉን እያንከባለለች ግቢ አወጣች። መጋረጃ ሰቀለች፣ ፍራሽ ጎተተች፣ በሩን ከውስጥ ቆለፈች፤ ከሚዞር ክርን ተገላግላ በጠራራ ፀሐይ ተኛች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ኃላፊ መጣች። መብረቅ ጸጉሯን አበጥራ፣ እንደ ባለ ፋብሪካ እጇን ወደ ጀሪካኖቹ ዘረጋች። ዘርግታም ቀረች። ሃያውም ጀሪካን ግማሽ ነበር።

«ሌባ ገብቷል፤» አለች።

«ከሃያውም ግማሽ ግማሽ ቀድቶ፣ ክዳኑን መልሶ አጥብቆ ሄደ?» አለች ኃላፊዋ። «ጨዋ ሌባ ነው።»

«ፈስሶ ይሆናላ።»

ኃላፊዋ ወለሉን በጫማዋ ጫፍ ፈተገችው። ደረቅ ነው።

አክስቲቱ አንዱን ጀሪካን ከፍታ አሳየቻት። «የሞላሽው አረፋ ነው፣ የኔ ልጅ። አረፋው ወረደና ሳሙናው ብቻ ቀረልሽ።»

«ትናንት አይተሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ከተወለድሽ ጀምሮ 'ይቀመጥ' ስል አረፋው ይውረድ ማለቴ ነው። አንድ ቀን እንኳ ለምን ብለሽ ጠይቀሻል?»

መብረቅ ሌላ ጀሪካን ከፍታ አጎንብሳ አየች፤ እሱም ግማሽ ነው።

ኃላፊዋ ግን ትንሽ ሳሙና መዳፏ ላይ አድርጋ አሸች፣ በውሃ አለቀለቀች፣ አሸተተች። «ሳሙናው ጥሩ ነው። ሃያውን ወደ አሥር ገልብጡልኝ። በሰዓት ይህን ያህል የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ከሚመጣው ሳምንት ስልሳ ጀሪካን እወስዳለሁ። ግን የተቀመጠ ይሁን።»

መብረቅ ወደ አክስቷ ዞረች። «ሰማሽ፣ አክስቴ? ተቀብላኛለች። ቱቦው አሸንፏል።»

«አሸንፏል፤» አለች አክስቷ፣ የቀኝ ትከሻዋን እያሻሸች። «ማማሰያውን ዛሬ እንጨት ለሚፈልግ ሰው እሰጠዋለሁ። እግዜር ይስጥሽ፣ ከምሬ ነው።»

«ክፍሉ የኔ ነዋ?»

አክስቷ ወደ ግቢው በር አየች። ቧንቧ ሠራተኛው የድሮውን በርሜል እያንከባለለ ይመጣል፤ ከኋላው ሁለት ሰዎች ሌላ ሁለት በርሜል ይገፋሉ።

«ስልሳ ጀሪካን ሳሙና አረፋው እስኪወርድ የት የሚቀመጥ መሰለሽ? ፍራሽሽን አንሺና መንገድ ልቀቂላቸው።»