ወገን ያጣ ለቅሶ

«ዳሱን ዛሬ እናፍርሰው ይሆን?» አሉ እትዬ ታይቱ፣ ባዶውን መደብ እያዩ።

አሰበች ቀና ብላ መንገዱን አየች። የባሏ የመምህር ሸጋው ሠልስት ነበር። ለለቅሶ ደራሽ የተቀቀለው ንፍሮ ሰፌዱ ላይ ደርቋል። አብረዋት የሰነበቱት ጎረቤቷ እትዬ ታይቱ ብቻ ናቸው።

ጠዋት ሁለት ሰዎች መጥተው ነበር። ዳሱ አፍ ላይ ቆመው «እግዜር ያጥናሽ» አሉና ሳይቀመጡ ሄዱ። አንደኛው ዞር ሲል ለጓደኛው የሾከሾከው ግን ለአሰበች ተሰማት።

«ወንድሟን ለሞት የሰደደ ሰው ነው። ምን ብላ ታለቅስለታለች?»

እሷም ይህንኑ ራሷን ስትጠይቅ ነበር የሰነበተችው።

ሸጋው ከጎንደር ወደ መተማ የወረደው ጣልያን ሳይገባ ነው። የከተማው ነጋዴዎች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ተባብረው የጭቃ ትምህርት ቤት ሠሩና አስተማሪ ሲያፈላልጉ እሱን አገኙ። እሱ አማርኛና ሒሳብ፣ ሸህ ሽኩር ዓረብኛ፣ የአሰበች ወንድም ደምለው ደግሞ ፊደል ያስተምሩ ጀመር። ሸጋው ያኔ ለተማሪዎቹ አባቶች በሙሉ ቃል ሰጣቸው። «ልጆቻችሁን አስተምሬ እመልስላችኋለሁ። ሃይማኖታቸውንና ጌታቸውን ግን እናንተ ቤታችሁ ምረጡላቸው።» የደብተራ ልጅ ነበር፤ ጾም አያጎድልም፣ ኪዳን አያመልጠውም። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ግን ማተቡን ወደ ሸሚዙ ውስጥ ይከታል።

ጣልያን ሲገባ ነጋዴዎቹ ለምነው ትምህርት ቤቱን ከመዘጋት አዳኑት። ደመወዝ የሚከፍለው ግን የጣልያን ሹም ሆነ፤ ለሐሜት ይኸው በቃ።

ደምለው እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ጠና ጠና ያሉትን ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ሰብስቦ በሩን ዘጋና፣ ለአርበኞች መልእክት እንዲያደርሱ ወንጌል አስይዞ አስማላቸው። የእስላም ልጆች ደጅ ቀሩ። ከእነሱ አንዱ እያለቀሰ ሸጋው ዘንድ መጥቶ፣ «የኔታ፣ እኛ ምን አጠፋን?» አለው።

ያን ዕለት ማምሻውን ሁለቱ የተጋጠሙት አሰበች ፊት ነው።

«አገር ተወሮ ፊደል መቁጠር ምንድን ነው?» አለ ደምለው።

«ጫካ መግባት ከፈለግህ ግባ፤ እግዜር ይከተልህ። እዚያ ክፍል ግን የሁሉም ልጅ ነው ያለው። ግማሹን አስምለህ ግማሹን ደጅ አታስቀርም። ነገ እንዳትመጣ።»

«እያባረርከኝ ነው?»

«አዎ» አለ ሸጋው።

ደምለው አርማጭሆ ገብቶ ከአርበኞቹ ተቀላቀለ። ክረምቱ ሲወጣ መሞቱ ተሰማ፤ ሬሳው አልተገኘም። አሰበች ፊቷን እየነጨች ስታለቅስ ሸጋው ጥግ ይዞ ተቀምጦ ነበር። ዓይኑ አልረጠበም። በማግሥቱ ጠመኔውን ይዞ ወደ ሥራው ሄደ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት «ምሳ ቀርቧል» ከማለት በቀር ወሬ የሚባል ነገር ጠፋ።

ዘንድሮ በበጋው ጣልያኖቹ አሰሩት። ሲፈቱት በወባ እየነደደ መጣ። ለምን እንደታሰረ አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችውም። ውኃ ሰጠችው፣ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ አበሰችለት፤ እንደ መንገደኛ እንግዳ አስታመመችው። ሊሞት ሲል እጇን ይዞ የሆነ ነገር ሊናገር ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። «ምን ልትለኝ ነው?» ማለት ትችል ነበር። አላለችውም።

ፀሐዩ ዘንበል ሲል ሸህ ሽኩር ከሚስቱ ከመጂዳ ጋር መጣ። መጂዳ በእንስራ ያመጣችውን ከሁመር ፍሬ የተበጠበጠ ጎምዛዛ ውኃ አስቀምጣ ከአሰበች አጠገብ ተቀመጠች። የተቀመጠ ለቅሶ ደራሽ ሲታይ የዚያን ዕለት የመጀመሪያው ነበር።

«የዘገየነው በክፋት አይደለም፣ እመት አሰበች» አለ ሸህ ሽኩር። «የመጣውን ሁሉ የሹሙ ሰዎች እያዩ ነበር።»

«ባንዳ ነው የሚሉትን ሰው ለቅሶ ጣልያን ምን ብሎ ይሰልላል?»

ሸህ ሽኩር ሚስቱን አያት። «ለምን እንደታሰሩ አልነገሩዎትም?»

«አልጠየቅሁትም።»

እትዬ ታይቱ የዝንብ ጭራቸውን ማወዛወዝ አቆሙ።

«ሹሙ ልጆቹን ለሁለት ክፈሏቸው አለን» አለ ሸህ ሽኩር። «የእስላሞቹ ከፊት ቆመው ለጣልያን ንጉሥ በዓረብኛ ምስጋና እንዲያነቡ፣ የክርስቲያኖቹ ከኋላ ሆነው ለባንዲራው እጅ እንዲነሡ። እኛም ጥቁር ሸሚዝ እንድንለብስ። መምህር ይህን ሲሰሙ፣ ‹ደምለውን አስወጥቼ ይህን ላስገባ ነው?› አሉ። እኔን፣ ‹አንተ ልጆች አሉህ፣ ቤትህ ዋል› አሉኝ። በሩን ቆለፉና ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ሹሙ፣ ‹የማን ወገን ነህ?› ቢላቸው፣ ‹እኔስ የሐበሻ ነኝ፤ ይህ ቤት ግን የልጆቹ ነው› አሉት። በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነው የከረሙት። በዚህ ሐሩር።»

«ለደምለው ግን አላለቀሰም» አለች አሰበች ቀስ ብላ።

«አልቅሰዋል። ልጆቹ ሲበተኑ፣ የደምለው ክፍል ውስጥ። ስንት ቀን አግኝቻቸዋለሁ። ‹ቤትዎ ሄደው አይወጣልዎትም ወይ?› ብላቸው፣ ‹እዚያ ለቅሶው የእሷ ነው። እኔ በምን ፊቴ?› አሉኝ።»

አሰበች ባሏ ሲያለቅስ ልታየው ሞከረች፤ ፊቱ አልመጣላትም። ሁለቱ በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ ለአንድ ሰው ለየብቻቸው ሲያለቅሱ ከርመዋል።

«ወንድሜ ግን ሞቷል» አለች።

«ሞቷል» አለ ሸህ ሽኩር።

ትንሽ ቆይቶ፣ «የቀብር ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ነበርኩ» አላት። «ሰው ሲበተን መቃብራቸውን አየሁት። እሾህ አልተደረገበትም። የቆላ ጅብ መጥፎ ነው።»

አሰበች ተነሣች። እትዬ ታይቱ፣ «አንቺ ልጅ፣ ባለለቅሶ እኮ ነሽ፣ ወዴት ነው?» አሏት፤ እሷ ግን ከዳሱ ወጥታ ነበር። ሸህ ሽኩር ገጀራ ይዞ ከመጂዳ ጋር ተከተላት።

መንገድ ላይ ያገኟቸው ሴቶች ዝም ብለው አሳለፏቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ሰው የለም፤ ሣሩ ተቃጥሎ መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ሸህ ሽኩርና መጂዳ ከአጥሩ ውጭ ቆሙ። እሱ በገጀራ የግራር ቅርንጫፍ እየቆረጠ በአጥሩ ላይ ያቀብላታል፤ እሷ እየጎተተች ወስዳ ከመቃብሩ ግርጌ ጀምራ ትደረድራለች። እሾሁ ክንዷን ሲቧጭራት ደሙን አልጠረገችውም። ብዙ ተመላለሰች።

«ይበቃዎታል ወይስ ልጨምር?» አላት ከአጥሩ ማዶ።

ገና እሾህ ያልደረሰበት ራስጌው ብቻ ነበር። እዚያ ተንበረከከች። ያፈሰሱበት አፈር በፀሐይ ደርቆ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። አንዱን ጓል አነሣችና በመዳፎቿ መካከል አድርጋ አደቀቀችው። ቀጥላ ሌላውን። ከዚያም የሚቀጥለውን። ከራሱ በላይ ያለው አፈር እስኪለሰልስ ድረስ አልተነሣችም።