የመሃሉ ቧንቧ

ጠዋት ላይ ሁለት መቶ ሊትር የሚይዘው በርሜል ለመሙላት ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። በዚህ ውሃ የጣይባ ቡና መፈልፈያ አይሠራም። ከሸኮ ገበሬዎች የተረከበችው ቀይ እሸት ቡና በጆንያ እንደተደረደረ መሞቅ ጀምሯል፤ እስከ ማታ ካልተፈለፈለ ሽታው ይለወጣል፣ ገዢም አይነካውም።

ምንጩ አልቀነሰም። ከምንጩ እስከ መፈልፈያው መቶ ሃያ ሜትር ቧንቧ በጎረቤቷ በናስር የቡና ማሳ ሥር ተቀብሯል። እዚያ ውስጥ የሆነ ቦታ ያፈሳል፤ ዝናቡ ሁሉንም ስላረጠበው ግን በዓይን አይለይም።

"አንድ ጉድጓድ ፈቅጃለሁ" አለ ናስር። "ከዚያ በኋላ የቡናዬን ሥር የሚቆርጥ ሰው እንዳላይ።"

ጣይባ ከሚዛን ተፈሪ ያስመጣቻት ራሔል ሥራዋ ቧንቧ መመርመር ነው። በቀዳዳ የሚወጣ ውሃ ቧንቧውን ያንቀጠቅጠዋል፤ መንቀጥቀጡም በቧንቧው ግድግዳና በውስጡ ባለው ውሃ ወደ ሁለቱም ጫፍ ይሄዳል። ራሔል ሁለቱ ጫፎች ላይ የድምፅ መስሚያ መሣሪያ ገጠመች። ድምፁ መጀመሪያ ምንጩ ጋ፣ ከሰከንድ አንድ ሃያኛ በኋላ ደግሞ መፈልፈያው ጋ ደረሰ። ጫፎቹ ብረት ናቸው፤ እንዲህ ባለ የብረት ቧንቧ መንቀጥቀጡ በሰከንድ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ይጓዛል። አሰላችና ከምንጩ ሠላሳ ሜትር ላይ ችካል ተከለች።

ተቆፈረ። ቧንቧው ወጣ፤ የሚያፈስ ነገር የለም።

"ኢንጂነር፣ ድንች ነበር እንዴ የምትፈልጊው?" አለ ናስር።

ጣይባ አልሳቀችም። ራሔል ተንበርክካ ጭቃውን ጠረገች። ቧንቧው ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ጥፍሯ ጫረው።

"እትዬ ጣይባ፣ ብረት ነው ብለውኝ አልነበር?"

"ከላይም ብረት፣ ከታችም ብረት ነው የማየው። መሃሉን ማን አየው ልጄ?"

ናስር ጎንበስ ብሎ አየ። "ወላሂ ይሄ የአባቴ ደቦ ነው! ብረቱ በዝገት ሲበላ ጎረቤት ተሰብስቦ ቀየረው ይሉ ነበር። ጫፎቹን ለቫልቮቹ ብለው ትተዋቸዋል ማለት ነው።"

የፕላስቲክ ግድግዳ ስለሚለጠጥ መንቀጥቀጡን ያዘገየዋል። ምን ያህል? ራሔል ዳግም መገመት አልፈለገችም። ጉድጓዱ ውስጥ ቧንቧውን በመፍቻ መታች። ድምፁ ምንጩ ጋ ከደረሰ በኋላ መፈልፈያው ጋ ለመድረስ የሰከንድ ሦስት ሃያኛ ዘገየ። ጉድጓዱ ከአንዱ ጫፍ ሠላሳ፣ ከሌላው ዘጠና ሜትር ይርቃል፤ ልዩነቱ ስድሳ ሜትር ነው። ስለዚህ ፍጥነቱ በሰከንድ አራት መቶ ሜትር ብቻ ነው። ቅድም የቀዳዳው ድምፅ የዘገየበትን የሰከንድ አንድ ሃያኛ በዚህ ፍጥነት ስታሰላው ልዩነቱ ሃያ ሜትር ብቻ ነው፤ ቀዳዳው ከምንጩ ሃምሳ ሜትር ላይ መሆን አለበት።

"ጋሽ ናስር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጫፉን አይቼ መሃሉን ገመትኩ። ሃያ ሜትር ወደ ታች አንድ ጉድጓድ ልለምንዎ ነው።"

ናስር ቦታውን አየ፤ ወደ ጆንያዎቹም ዞሮ አየ። የጣይባ ዓይን ከእሱ አልተነቀለም።

"እዚያ ያለው ያረጀ ቡና ነው፤ ይሁን" ብሎ አካፋውን ራሱ አነሳ። "ካልተገኘ ግን ድንቹን የምትተክዪው አንቺ ነሽ።"

ሦስተኛውን ክንድ ሳይቆፍር ውሃ ፊቱ ላይ ተረጨ። እየሳለ ሳቀ። ስንጥቁ ራሔል ካሰላችው ቦታ አርባ ሴንቲሜትር ብቻ ርቆ ነበር። ራሔል ምንጩ ላይ ያለውን ቫልቭ ዘጋች፣ የተሰነጠቀውን ቆርጣ በመገጣጠሚያ አያያዘች፣ መልሳም ከፈተች።

ጣይባ ማሽኑን ከማስነሳቷ በፊት በርሜሉን ቧንቧው ሥር አስቀምጣ ስልኳ ላይ ሰዓት ያዘች። በስድስት ደቂቃ ሞላ።