ውሃ ላይ መንጋለል

ልብስ ሰፊዋን ለእረፍት ወደ አንድ ደሴት እንሂድ ያሏት እትዬ ናቸው። እትዬ በቅርቡ የሞተው ባሏ ታላቅ እህት ሲሆኑ፣ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ሊወጡ ደርሰዋል። ከሠርጓ ቀን ጀምሮ «ሙሽራዬ» ይሏታል፤ ባሏ ከሞተም በኋላ አልተዉትም። አንድ ጠዋት ስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ቢያገኟት፣ ፊትሽ ፀሐይ የበላው መጋረጃ መስሏል አሉና ሻንጣዋን ራሳቸው አሰናዱ።

ጀልባው ላይ እትዬ መሪ ካልያዝኩ ያቅለሸልሸኛል እያሉ ነጂውን መቆሚያ መቀመጫ አሳጡት። ሆቴል ሲደርሱ የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ ሰው እዚህ ምን እንደሚያደርግ አስረዳቻቸው። ይዋኛል፣ በጀልባ ደሴቱን ይዞራል፣ መነጽር አድርጎ ከውሃ በታች ዓሣ ያያል፤ ምንም ያላሰኘው ዛፎቹ መሃል በተወጠረው መረብ ላይ ይተኛል። እትዬ ሥራ ሸሽተን ብንመጣ ሥራ አበዛሽብን አሏት።

የመጀመሪያውን ቀን ጥላ ሥር ተጋድመው ስለ ሟቹ ሲያወሩ ዋሉ። ማለት እትዬ አወሩ፤ ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ተረበኛነቱ። ልብስ ሰፊዋ ትዝ የሚላት ታሞ አልጋ ላይ የዋለባቸው ዓመታት ብቻ ናቸው። ጀርባው እንዳይቆስል ሌሊት እየነቃች መዳፏን ከሥሩ ሰዳ ታገላብጠው ነበር። ይህን ለእትዬ ነግራቸው አታውቅም። እሳቸው የሚመጡት እሁድ እሁድ ነበር፤ በመጡ ቁጥር ታጥቦና ተላጭቶ፣ ትራስ ተደግፎ ያገኙት ነበር።

በማግስቱ ዋና የምታስተምር አንዲት ደንዳና ሴት በአጠገባቸው ስታልፍ ነይ ግቢ አለቻት። ልብስ ሰፊዋ ሐዘን ላይ ነኝ ብላ እንቢ ስትል፣ እትዬ ናቸው ከኋላ የገፏት። ጥቁሩ ልብስሽ እንደሆነ ቀለሙ አይለቅም፣ ጨርቁን የመረጥሽው ራስሽ ነሽ አሏት።

ውሃው ወገቧ ላይ ሲደርስ አስተማሪዋ መዳፏን ከልብስ ሰፊዋ ጀርባ ሥር አድርጋ ዝም ብለሽ ተንጋለይ፣ ይዤሻለሁ አለቻት። ተንጋለለች። እሷን ከሥር የሚይዝ መዳፍ ምን እንደሚመስል ረስታው ኖሯል። ትከሻዋ ተፈታ፣ አንገቷ ተፈታ፣ ጆሮዋ ውስጥ ውሃ ገባ። አስተማሪዋ እጇን መቼ እንዳነሳች እንኳ አላወቀችም። ብቻዋን መንሳፈፏን ስታውቅ ሳቋ አመለጣት፤ ሆድ የሚያሳምም የልጅ ሳቅ።

«እትዬ፣ ይዩኝ!»

እትዬ አይተዋታል። የእሷን ጫማ በእጃቸው ይዘው ጥላው ሥር ቆመው ነበር። ጫማውን አሸዋው ላይ አስቀመጡና ወደ ክፍላቸው ሄዱ።

ልብስ ሰፊዋ ሳቁ አፏ ላይ ደረቀባት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያለች፣ ውሃው ከላይዋ እየተንጠባጠበ፣ በባዶ እግሯ ተከተለቻቸው። እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ፎጣ ፊታቸው ላይ ይዘዋል። ይቅርታ ልትጠይቅ ስትል ቀደሟት።

«እንድትስቂ ብዬ ነው ያመጣሁሽ። ስትስቂ ሳይ ግን አላስቻለኝም።» ፎጣውን አወረዱ። «ከብዶሽ ነበር?»

ኧረ በጭራሽ ማለት ቀላል ነበር። እንዲያ ብትል እትዬ የእሁዱን፣ የታጠበውንና የተላጨውን ወንድማቸውን እንደያዙ ይቀራሉ።

«ከብዶኝ ነበር፣ እትዬ» አለች ወለሉን እያየች። «የሞተ ዕለት እናንተ ስታለቅሱ እኔ ጓዳ ገብቼ ተኛሁ። እንቅልፍ ነው የወሰደኝ።»

ያን ዕለት ጓዳ ውስጥ ወድቃ ያገኟት እትዬ ናቸው። ራሷን የሳተች መስሏቸው፣ ሐዘኑ ጣላት እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርተውላታል። አሁን ፊታቸው ቀላ፤ በእሷ ተናደው ይሁን በራሳቸው አፍረው አልታወቀም። እሁድ እሁድ ብቻ ነበር የምመጣው አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ያህል። እራት ሲበሉ ሁለቱም ቀና አላሉም።

ጠዋት እትዬ ወደ ግድግዳው ዞረው እንደተኙ ተናገሩ።

«ሂጂ፣ ዋኚ። ይዩኝ ብቻ እንዳትይኝ።»

ሙሽራዬ አላሏትም። ልብስ ሰፊዋ ይህን ልብ ብላ፣ አንገቷን ደፍታ ወጣች። የክፍላቸውን መስኮት እስክታልፍ ቀስ ብላ ተራመደች። ከዚያ በኋላ ግን እግሯ አልታዘዛትም፤ ውሃው ዘንድ የደረሰችው እየሮጠች ነው።