ያጠሩት ሰባት ሴቶች

የቆርቆሮ ፋብሪካው የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ዋና አሰልጣኝ ፊሽካቸውን ከአንገታቸው ስለማያወልቁ ተጫዋቾቹ «እትዬ ፊሽካ» ይሏቸዋል። ረዳታቸው ደግሞ መለኪያ ሜትር ከኪሱ ስለማይለይ «ሜትር» ተብሎ ቀርቷል። ሜትር ረዳታቸው ብቻ ሳይሆን የልጃቸው ባልም ነው። ሜዳ ላይ «አሰልጣኝ» ይላቸዋል፣ ቤት ሲገቡ «እማማ»። እሳቸው ግን ቦታ አይለዩም፤ በተለይ ሊያላግጡበት ሲያምራቸው የትም ይሁን የት «አማቼ» ነው የሚሉት።

ሜትር የተማረው የስፖርተኛን አካል ማዘጋጀት ነው። በቡድኑ ውስጥ በቆየባቸው ሁለት ዓመታት ግን ያዘጋጀው ነገር ቢኖር ኳስ ነው፤ ሲነፋ፣ ሲሰበስብ፣ መረብ ሲወጥር ነው የከረመው። የተጫዋቾቹን የአካል ብቃት የያዙት እትዬ ፊሽካ ራሳቸው ናቸው፤ መንገዳቸውም አንድ ነው፤ ዝላይ። በተመልካች ደረጃ ላይ ዝላይ፣ በእንጨት ሳጥን ላይ ዝላይ፣ ከሳጥኑ ወርዶ እግር መሬት እንደነካ እንደገና ዝላይ። ሜትር ደግሞ ብረት ባይ ነው። ብረት ትከሻ ላይ ጭኖ ቁጭ ብድግ፤ እግር መጀመሪያ ይጠንክር፣ ዝላዩ ራሱ ይመጣል ይላል።

«ብረት ሲዘል አይተህ ታውቃለህ አማቼ?» አሉት አንድ እሁድ ምሳ ላይ።

«ደረጃስ ሲዘል አይተው ያውቃሉ እማማ?»

ሚስቱ ሳቋን ከሾርባው ጋር ዋጠችው። እሷ የቡድኑ አምበል ናት፤ ለመቺዎቹ ኳስ የምታመቻቸውም እሷ ነች። በእናቷና በባሏ መሃል መቀመጥ ከየትኛውም ግጥሚያ የባሰ አድካሚ መሆኑን ከተጋባች ጀምሮ ታውቀዋለች።

«እንግዲያው ይለካ» አለ ሜትር።

«ይለካ! መቼም ልጄንም ስታገባት ለክተህ ሳይሆን አይቀርም።»

ተዋዋሉ። አሥራ አራቱ ተጫዋቾች በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ። የኳስ ልምምዱን አብረው ይሠራሉ፤ የአካል ብቃቱን ግን ሰባቱ ከእትዬ ፊሽካ ጋር በዝላይ፣ ሰባቱ ከሜትር ጋር በብረት። ከስምንት ሳምንት በኋላ የማን ወገን ዝላዩን የበለጠ እንደጨመረ ይለካል፤ ያሸነፈ የመጪውን የውድድር ዘመን የአካል ብቃት ሥራ ሙሉ በሙሉ ይረከባል፣ የተሸነፈ እጁን ይሰበስባል። ለእትዬ ፊሽካ ነገሩ ከምሳ በኋላ የመጣ ጨዋታ ነበር። ለሜትር ግን ጨዋታ አልነበረም። ሦስተኛ ዓመት ኳስ መንፋት ከመጣ፣ ጎሚስታ ከፍቶ ጎማ ቢነፋ እንደሚሻለው ለሚስቱ ነግሯታል።

ዕጣው ሲወጣ ሚስቱ ለብረቱ ወገን ደረሰች።

«ዕጣም ያዳላል ለካ!» አሉ እናትየው።

አለካኩ ቀላል ነው። ተጫዋቿ ጎኗን ለአዳራሹ ግድግዳ ሰጥታ ትቆማለች፤ ክንዷን ወደ ላይ ትዘረጋና ጣቷ የነካበት ላይ ምልክት ይደረጋል። ከዚያ ጣቷን ጠመኔ አስነክታ የቻለችውን ያህል ትዘላለች፤ አሁንም የነካችበት ላይ ምልክት ይደረጋል። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ዝላይዋ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሜትር የሁሉንም የቁም ምልክት በእርሳስ አሰመረ፤ ከየመስመሩ ጎንም የየተጫዋቿን የማሊያ ቁጥር በደቃቁ ጻፈ።

ብዙም ሳይቆይ የዝላዩ ወገን «ፌንጣዎች»፣ የሜትር ወገን ደግሞ «ብረቶች» ተባሉ። ብረቶቹ የሚሠሩት ከአዳራሹ ጀርባ፣ ድሮ ቆርቆሮ ይከማችበት በነበረ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። እትዬ ፊሽካ ባለፉ ቁጥር በሩ ላይ ቆም ይላሉ።

«አማቼ፣ ይሄ ሁሉ ቁጭ ማለት ብድግ የሚሆነው መቼ ነው?»

«በስምንተኛው ሳምንት፣ አሰልጣኝ።»

«ታዲያ እስከዚያ ሻይ ልላክላቸው?»

ሜትር ጆሮውን አይሰጥም። የእያንዳንዷን ጉልበት ያያል፣ ተረከዝ ከመሬት አለመነሳቱን ያያል፣ ክብደቱን በጥቂት በጥቂቱ ይጨምራል። እናትየው ዞር ሲሉ ረጅሟ መቺ ብረቱን እንደተሸከመች «አይዞህ ሜትር፣ እኛ አለንልህ» ትለዋለች። እሱም «በርቺ፣ ዝቅ በይ» ይላታል።

የመለኪያው ቀን ደረሰ። የመጀመሪያው ቀን የቁም ልክ ግድግዳው ላይ እያለ ሜትር እንደገና ሁሉንም አቁሞ በጠመኔ ለካ። አዋቂ ሰው በስምንት ሳምንት ቁመቱ እንደማይለወጥ ያውቃል፤ ግን ሁለቴ የለካ አይጸጸትም ባይ ነው። ዘለሉ፣ ምልክት አደረገ፣ ደመረ፣ አካፈለ። ፌንጣዎቹ በአማካይ ስድስት ሴንቲሜትር ጨምረዋል። ብረቶቹ ዘጠኝ።

ብረቶቹ እየጮኹ ተቃቀፉ። እትዬ ፊሽካ ስሌቱን ራሳቸው ደግመው አዩና የሜትርን ትከሻ መታ መታ አደረጉት።

«እሺ፣ ተሸንፌያለሁ። የአካል ብቃት ሥራውን ከነዕቃ ክፍሉ ቁልፍ እሁድ ምሳ ላይ አስረክብሃለሁ። እስከዚያ ግን ፊቴ አትቁም፣ ጥርስህ በዝቷል።»

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ሜትር ግድግዳውን ሊያጸዳ እርጥብ ጨርቅ ይዞ ቀረ። ከፌንጣዎቹ በኩል ጀመረ። ጠመኔው ሲለቅ ከሥሩ የእርሳሱ መስመር ብቅ ይላል፤ አዲሱ ምልክት ልክ በአሮጌው ላይ ነበር ያረፈው። ደስ አለው፤ ጥሩ ለክቻለሁ አለ። ወደ ብረቶቹ ሲያልፍ ግን እጁ ቆመ። የእርሳሱ መስመር ከላይ ነው፣ ጠመኔው ከታች። የሚስቱም፣ የረጅሟም፣ የሰባቱም። ሁሉም የቁም ልካቸው በአራት ሴንቲሜትር ገደማ ወርዷል።

መጀመሪያ ወለሉን ጠረጠረ፤ ተንበርክኮ ዳሰሰው። ቀጥሎ ሜትሩን ጠረጠረ፤ በሌላ ሜትር አመሳከረው። ሁለቱም ንጹሕ ናቸው፤ ወለሉ ወይም ሜትሩ ቢያጠፋ ኖሮ ፌንጣዎቹም ባጠሩ ነበር። ሜትር ጥፋትን ሁልጊዜ ከራሱ መፈለግ የሚጀምር ሰው ነውና፣ ለአፍታ ያህል ብረቱ አከርካሪያቸውን ተጭኗቸው ይሆን ብሎ ላብ አጠመቀው። ስምንት ሳምንት አሰልጥኖ ሰባት ሴቶችን ማሳጠር! እንዲህ ያለ ሥልጠና በየትኛውም ትምህርት ቤት አልሰማም።

ጨርቁን ባልዲው ላይ ጥሎ ወደ ቤቱ ሮጠ። ሚስቱ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«ነይ እስቲ፣ ግድግዳው ጋ ቁሚልኝ።»

«እዚህም መለካት አለ?»

«እጅሽን ዘርጊ።»

ዘረጋች። ሜትር ከጣቷ ይልቅ ትከሻዋን አየ። ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ኮት ቁልቁል ወርዷል።

«ትከሻሽ የት ሄደ?»

«የት ይሄዳል? እዚሁ ነው።»

«እሱን ወደ ላይ ሳቢው።»

ሳበችው። ጣቷ አራት ሴንቲሜትር ወጣ። ቆመው ተያዩ፤ መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ሚስጥሩ ይሄው ነበር። የቁም ልክ ሲወሰድ ትከሻ ከተቀበረ የታችኛው ምልክት ይወርዳል፤ የታችኛው ሲወርድ ደግሞ ያልተዘለለው ሁሉ የተዘለለ ይመስላል።

«ሰባታችሁም?»

«ሰባታችንም። እኔ ያሳየኋቸው ብቻ ነው፣ ያደረጉት ራሳቸው ናቸው።»

«ለምን?»

«እናቴ ዓመት ሙሉ ባሌ ላይ ስታላግጥ ከማይ፣ ትከሻዬን ትንሽ ብቀብር ምን አለበት ብዬ ነዋ።»

«አዝናችሁልኝ ነው በይኛ!»

«ኧረ ወደንህ ነው» አለችና ሽንኩርቷን ያዘች። «ትንሽ ግን አዝነናል።»

ሜትር ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በእርሳሱ መስመር ሲያሰላው የብረቶቹ ጭማሪ አምስት ሴንቲሜትር ብቻ ነው። በአንድ ተበልጧል።

«የእኛን ጠመኔ ጠርገኸዋል?» ስትል ጠየቀችው።

«ገና ነው።»

«ታዲያ ጨርቁ እዚያው ነው፣ ውሃውም እዚያው ነው።»

አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ መሆኑን እሱም ያውቃል። ሁለት ዓመት የጠበቀው ቁልፍ እሁድ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ያንን ግድግዳ ተጠግቶ አያይም።

«ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ምን ላደርግ ነው?» አለ በመጨረሻ። «እኔ ያለችኝ መለካት ናት። እሷንም ከዋሸሁባት በምን ሥራዬ ነው የማምነው?»

ሚስቱ አየችው። «ጎሚስታው ቤት ገንዘብ ያዥ እኔ ነኝ በለኛ» አለችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

እሁድ ቁልፉ ከሳህኑ ጎን ተቀምጦ ጠበቀው። ሜትር ሳይነካው የሆነውን ሁሉ ተናገረ፤ ሐሳቡ የማን እንደሆነ ብቻ ዘለለ። እትዬ ፊሽካ ሹካቸውን አስቀመጡ።

«ተነሱ።»

«እማዬ፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል» አለች ልጃቸው።

«ይቀዝቅዝ!»

ሦስቱም አዳራሹ ገቡ። እትዬ ፊሽካ መነጽራቸውን አድርገው መስመር በመስመር ለኩት። ስድስትና አምስት። ከዚያ ተመልካች ወንበር ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ሰባት ሴት አጭበርብራ ታሸንፍለታለች፣ እሱ ደግሞ ሄዶ ራሱን ይከሳል! አንቺ ደግሞ» ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ «ማንም ባይነግረኝ ያንቺ ሥራ መሆኑ ይጠፋኛል? ከኔ ሆድ ወጥተሽ ለብረት ታጎነብሻለሽ?»

«የአንድ ሴንቲሜትር ልዩነት እኮ በአሥራ አራት ሰው ላይ ምንም ማለት አይደለም» አለ ሜትር። «የትኛው መንገድ እንደሚሻል አይናገርም።»

«አንተ ስታሸንፍበት በነበረው በሦስቱስ ምን ይናገር ነበር?»

በሦስት ሴንቲሜትር ያሸነፈ ዕለት ይሄ ነገር ጨርሶ ትዝ አላለውም ነበር።

«ቁልፉ እኔው ጋ ይቆያል» አሉ። «ሂዱ፣ ምሳችሁን አሙቁ።»

የውድድር ዘመኑ ሲጀመር እትዬ ፊሽካ አሥራ አራቱንም ደረጃው ሥር ሰበሰቡ። ሜትር የኳስ መንፊያውን ይዞ ጥግ ያዘ። ፌንጣዎቹ ሥራውን ያውቁታል። ብረቶቹ ግን ኩርፊያ ይዘዋል፤ ሲሸነፍ ያዩት ሜትርን ብቻ ሳይሆን ስምንት ሳምንት የተሸከሙትን ብረትም ነው።

«እትዬ፣ ይሄኛው አልገባንም፣ እስቲ ያሳዩን» አለች ረጅሟ።

አሳዩ።

«እትዬ፣ ከሳጥኑ ሲወረድ ነው የጠፋኝ» አለች ሌላዋ።

ወርደው አሳዩ። ሰባት ሰው ሲያሠለጥኑ ለፌንጣዎቹ በአፍ መናገር ይበቃ ነበር፤ ለነዚህ ግን በአፍ የተነገረ ሁሉ አይገባቸውም። ሳምንቱ ሳያልቅ እትዬ ፊሽካ ደረጃውን ሲወርዱ ግድግዳ መያዝ ጀመሩ። ሜትር አየና ኳሱን መንፋቱን ቀጠለ።

አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ እትዬ ፊሽካ እሱ ያለበት ኳስ ክፍል ገብተው በሩን ዘጉት።

«አማቼ፣ ያ ቁጭ ብድግህ ለጉልበት ሕመም ይሆናል ይባላል።»

«ለማን ጉልበት?»

«ለአንድ የማውቃት ሴት።»

«ዕድሜዋ ስንት ነው?»

«ማሳየት ነው የተጠየቅከው!»

ሜትር ከንፈሩን ነክሶ መጥረጊያውን አነሳና ጭራውን ነቅሎ እንጨቱን ትከሻቸው ላይ አደረገላቸው። ወንበርም ከኋላቸው አስጠጋ።

«ወንበሩን ነካ አድርገው ይነሱ። ቀስ ብለው። እግርዎን ትንሽ ይክፈቱ።»

«አማቱን እግርሽን ክፈቺ የሚል አማች!» አሉ፤ ግን ከፈቱ። ሁለቴ ወረዱ፣ ሁለቴ ተነሱ። በሦስተኛው ቆም አሉ።

«አያምም» አሉ እንደመገረም ብለው።

«ክብደት በጥቂት በጥቂቱ ከተጨመረ፣ ጉልበቷን አስሮ የሚይዘው ጡንቻ...»

«ዝም በል። ሰኞና ሐሙስ ሁሉንም ውሰዳቸው። ማክሰኞና ዓርብ የኔ ናቸው። ግን ተሸንፈሃል፣ ይሄ እንዲታወቅ።»

«ይታወቃል፣ አሰልጣኝ።»

ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይታይ ጎንበስ አለ። እትዬ ፊሽካ ለአራተኛ ጊዜ ወረዱ፤ ወንበሩ ላይ ግን ዘፍ ብለው ቀሩ። እጃቸውን ዘረጉ፤ ሜትር ሳብ አድርጎ አነሳቸው።

«ይሄንን ያየ ሰው የለም» አሉ።

ከበሩ ውጭ የሴቶች ሳቅ ፈነዳ። አሥራ አራቱም ሳይኖሩ አይቀሩም። እትዬ ፊሽካ መጥረጊያውን እንደተሸከሙ ወደ በሩ አፍጥጠው ቆዩና ወደ ሜትር ዞሩ።

«ሰኞ» አሉት፣ «ክብደቱን ጨምርላቸው።»