አንድም «ለ»፣ አንድም «ሐ»

ባሕር ዳር ገበያው ዳር፣ በሐጂ ሙሐዲን ሱቅ በረንዳ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰበው ሰው ጨርቅ የሚያስለካ እንዳይመስላችሁ። ደብተሩን ያቀፈ ተማሪ ነው። የሐጂ ልጅ ሀኒያ ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ ሂሳብ ላመጣውም፣ ሳይንስ ላመጣውም፣ እንግሊዝኛ ላመጣውም ትመልሳለች። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» እያለች ሰነፉንም አታባርርም።

ብሥራት ሁልጊዜ ከኋላ ነበር የሚቀመጠው። ጺሙ ማቆጥቆጥ ጀምሯል፤ ክፍሉ ግን ገና ስምንተኛ ነው። ልጅነቱን በጎርጎራ በኩል፣ በአባቱ በመሪጌታ ወልደ ጻድቅ ጉባኤ ቤት የመጽሐፍ ትርጓሜ ሲሰማ አሳልፎ፣ ባሕር ዳር አክስቱ ዘንድ ትምህርት የጀመረው ዘግይቶ ነው። ሐኪም መሆን ይመኛል። አባቱ ግን ሲሸኙት፣ «ሚኒስትሪን ካለፍህ መረቅሁህ፤ ከወደቅህ ወደ ጉባኤህ ትመለሳለህ» ብለውታል።

ይኸው የሞዴል ፈተናው ውጤት መጣና ወደቀ። አንገቱን ደፍቶ ወረቀቱን ለሀኒያ ሰጣት።

ሀኒያ ገለጥ ገለጥ አድርጋ ግራ ገባት። በየጥያቄው ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ፊደል ጠቁሯል።

«‹ለአፈር መሸርሸር ዋናው ምክንያት የቱ ነው?› ይልሃል። ‹ለ›ንም ‹ሐ›ንም ለምን አጠቆርህ?»

«አንድም ጎርፍ ነው፤ አፈሩን ጠርጎ የሚወስደው እሱ ነዋ። አንድም የደን መመንጠር ነው፤ ዛፍ ቢኖር ጎርፉ መች ይደፍር ነበር? ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን ብተው ዋሸሁ ማለት አይደል?»

ምን ይፈረድበታል! ጉባኤ ቤት አንድ ቃል «አንድም፣ አንድም» እየተባለ በብዙ መንገድ ይተረጎማል፤ የሚናቀው አንዱን ብቻ ይዞ ዝም ያለ ተማሪ ነው። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ቢባልም፣ በማሽን ለሚታረም ፈተና ሁለት መልስ ዜሮ ነው።

ሀኒያ ልትስቅ ነበር፤ ፊቱን አይታ ተወችው።

«አባትህ ‹አንድም› ብለው ሲጨርሱ፣ የትኛው እንደሚበልጥ አይነግሯችሁም?»

«አንዳንዴ ‹የፊተኛው ይሻላል› ይላሉ።»

«እንግዲያው የሚሻለውን ብቻ አጥቁር። የቀረውን በልብህ ያዘው፤ ማንም አይወስድብህም።»

ብሥራት ደደብ ነኝ ብሎ አምኖ ነበርና እንባው መጣ። ከዚያ ወዲያ እስከ ፈተናው ድረስ፣ ከሀኒያ ጋር በየትምህርቱ ያልሠሩት የድሮ ፈተና አልነበረም።

ሚኒስትሪን አለፈ፤ ያውም በጥሩ ውጤት።

ወሬው ጎርጎራ በደረሰ ሰሞን መሪጌታ ነጭ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው፣ ሐይቁን በጀልባ ተሻግረው መጡ። ሐጂ ሙሐዲን ብድግ ብለው ወንበራቸውን ለቀቁላቸው። መሪጌታ ግን አልተቀመጡም፤ ከሀኒያ ፊት ቆሙ።

«ልጄ፣ እኔ ያስተማርሁትን ሳትነቅይ የራስሽን ጨመርሽበት። እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ ዕድሜሽን ያርዝመው። ምን ይዤ ልምጣ ብዬ ሳስብ ሰነበትሁ።»

ዘወር ብለው ከኋላቸው የቆመችውን ልጅ እጇን ይዘው ሳብ አደረጓት። አይኗን ከመሬት አላነሣችም።

«አደይ ትባላለች፤ የብሥራት ታናሽ ናት። ትምህርት ቤት አልላክኋትም። ካንቺ ትጀምር።»

ሀኒያ ፈቀቅ ብላ ከጎኗ አስቀመጠቻት። ብሥራት ማለፉን በሰማበት ቀን እንኳ እንዲህ አልተደሰተም። ጎንበስ ብሎ የአባቱን ጉልበት ሳመ።