በቁሜ ያቆሙልኝ ድንጋይ

እስከ ዛሬ ሞቼ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ስንት ሰው እንዳለቀሰልኝ ስትሰሙ እንዳትጠራጠሩ ነው። ዓይናቸው እስኪያብጥ ነው ያለቀሱልኝ። እኔ ደግሞ ከለቀስተኞቹ አስር እርምጃ ርቄ፣ ሽርጤን ታጥቄ፣ የሁለት መቶ ሰው ሩዝ እንዳያርብኝ ጭልፋ ይዤ ቆሜ ነበር።

የወጣቶች ካምፕ ወጥ ሠሪ ነበርኩ፤ አስራ አንድ ዓመት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወጣቶች ከየቤተ ክርስቲያኑ ይመጣሉ፤ አንድ ሳምንት ይዘምራሉ፣ ይጸልያሉ፣ ኳስ ይራገጣሉ። በየዓመቱም አንድ ዓይነት ካናቴራ የለበሱ እንግዶች ከባሕር ማዶ ይመጣሉ። ልጆቹን አልጠላም። እንግዶቹንም ቢሆን አልጠላም ነበር። ሰው አገሩን ትቶ፣ በገዛ እረፍቱ፣ ፀሐይ አፍንጫውን እየላጠው ሲሚንቶ ሲያቦካ ማየት ደስ ይላል። ሥራቸው ብቻ ነው የሚያስቀኝ። አምና የጠገኑት የመጋዘን በር እስካሁን አይዘጋም።

አንዲት ልጅ አለችኝ። አስራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ ከበለጠኝ ቆየ፣ እኔ ግን አሁንም ሚጣ እላታለሁ። አባቷ ገና ሳትድህ ጥሎን ሄደ፤ የት እንዳለ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት አስተባባሪው፣ ካምፑን የሚመራውን ሰውዬ ማለቴ ነው፣ ወጥ ቤት ድረስ መጥቶ «እህታችን፣ ሚጣን የሚያስተምር ቤተሰብ ከውጭ አግኝተናል» አለኝ። ጉልበቱን ልስም ምንም አልቀረኝ። በእንግዶቹ ቋንቋ የተጻፈ ፎርም አወጣና «እዚህ ጋ ፈርሚ» አለኝ። ፈረምኩ። ምን እንደሚል አልጠየቅኩም። የጸሎት ሰው ነው፣ ምን ብዬ ልጠርጥረው?

ሚጣ ጥሩ ትምህርት ቤት ገባች። ቋንቋቸውን እንደ ውሃ ጠጣችው። በየዓመቱ ለረጂዎቹ የሚላክ ፎቶ ትነሣለች፤ ከፎቶው በፊት ባለው ቀን ጉልበቴ ሥር አስቀምጬ ፀጉሯን እጎነጉናለሁ፣ ቀሚሷን እተኩሳለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ለነዚያ ባልና ሚስት ሳልጸልይ የተኛሁበት ቀን የለም።

ዘንድሮ፣ ካምፑ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አስተባባሪው ወጥ ቤት ገባና በሩን ዘጋ። የድንች ከረጢት ላይ ተቀመጠ። ወጥ ቤቴ ውስጥ ተቀምጦ አያውቅም።

«እህታችን፣ የሚጣ ረጂዎች ዘንድሮ ራሳቸው ይመጣሉ። ባልና ሚስቱ።»

«እልልል! በጌታ! ቆይ ምን ልሥራላቸው?»

«እሱን እንነጋገራለን። አንዲት ትንሽ ነገር አለች። እነሱ የሚያውቁት፣ ሚጣ እናት እንደሌላት ነው።»

«እንዴት ነው እናት የሌላት? እኔ የት ሄጄ?»

«ያኔ ፕሮግራሙ የሚቀበለው ሁለቱንም ወላጆች ያጡ ልጆችን ብቻ ነበር። ፎርሙ ላይ የገባሽው እንደ አሳዳጊ ነው። ወረቀት ላይ ብቻ ነው እኮ፣ እህቴ።»

«ገደልከኛ!»

«ኧረ በጌታ፣ እንዲህ አይባልም።»

«ታዲያ ምን ይባላል? ለመሆኑ በምንድን ነው የሞትኩት?»

ጉሮሮውን ጠረገ። «በአጭር ሕመም» አለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ጭልፋው እጄ ላይ ነበር፤ እንዴት እንዳልሰነዘርኩት እስካሁን ይገርመኛል። እሱ ግን መሬት መሬት እያየ ቀጠለ። ሚጣ ለመጨረስ ሁለት ዓመት ነው የቀራት አለ። እውነቱ ቢወጣ ነገ ትምህርቷ ይቋረጣል፣ የሌሎቹም ልጆች ጉዳይ ይመረመራል አለ። ስለዚህ አንድ ሳምንት ብቻ ዝም እንድል፣ ሚጣም እማ ብላ እንዳትጠራኝ ለመነኝ። «አክስቷም ባትሆኚ ይሻላል። ዝም ብለሽ ወጥ ሠሪዋ ሁኚ» አለኝ።

ቤት ገብቼ ለሚጣ እንዴት ብዬ ልንገራት ስል ራሷ ቀደመችኝ።

«አውቃለሁ፣ እማ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ደብዳቤያቸውን ራሴ ማንበብ ከቻልኩ ጀምሮ። ምን ብዬ ልንገርሽ? ለሰዎቹ ስትጸልዪ እየሰማሁ?» ጥፍሯን መብላት ጀመረች። «ሁለት ዓመት ነው እማ። ሁለት ዓመት ብቻ።»

አልተቆጣኋትም። የተቆጣሁት ሳላነብ የፈረመችውን ጣቴን ነው። «እሺ» አልኳት። ማንም አላስገደደኝም፤ እሺ ያልኩት እኔው ነኝ። ይህንንም አልደብቅም።

እንግዶቹ መጡ። ሚስትየዋ ደልደል ያለች፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ፣ ክፋት የሌለባት ሴት ናት። ወጣቶቹ ሁሉ «ማሚ» ይሏታል። ሚጣንም «ማሚ በያት» ብሏታል አስተባባሪው። ምሳ ሰዓት ልጄ ሰልፍ ይዛ ትመጣለች፤ ሳህኗን ትዘረጋለች፤ «አመሰግናለሁ፣ እትዬ» ትለኛለች። እትዬ! ሩዝ እጨምርላታለሁ። ሴትዮዋ ደግሞ ከኋላዋ ቆማ ሹሩባዋን በጣቷ እየዳበሰች «ማማሯ!» ዓይነት ነገር ትላለች። የጎነጎንኩት እኔ ነኝ፣ ሁለት ሰዓት ፈጅቶብኛል፣ ማለት አማረኝ።

የዘንድሮው ሥራቸው ከወጥ ቤቴ ጎን የእጅ መታጠቢያ መሥራት ነበር፤ ስድስት ቧንቧ፣ አንድ ረጅም ገንዳ። የካምፑ ግንበኛ «ተዳፋቱ ወደ ውጭ ይሁን» እያለ ቢለፈልፍ ሰሚ አጣ፤ እየዘመሩ ወደ እኔ በር አዞሩት። ለሙከራ ሲከፍቱት ውሃው እየተንከባለለ መጥቶ ጫማዬ ውስጥ ገባ። አጨበጨቡ። ገንዳው መሐል ግድግዳው ላይ አንድ ነገር ለጥፈው በሰማያዊ ጨርቅ ሸፈኑት። ቅዳሜ በመዝጊያው ፕሮግራም ይገለጣል ተባለ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ገንዳው ፊት ተሰበሰበ። የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ፣ ጊታሩ ተመታ። እኔ ሩዙን ጥጄ የወጥ ቤቴ በር ላይ ቆምኩ። አስተባባሪው ከረባት አስሯል። አስተርጓሚያችን፣ በየዓረፍተ ነገሩ ሃሌሉያ ስለሚል ሃሌ የምንለው ልጅ፣ ማይክ ይዟል። ሚጣ ምስክርነት እንድትሰጥ ተጠራች። የተጻፈላትን ወረቀት በእጇ ጨብጣ ወጣች። ነገሩ የታሰበው እንዲህ ነው፦ ሴትዮዋ ጨርቁን ትገልጣለች፣ ሚጣ እናቷ እንዴት እንደሞተች ትናገራለች፣ ሰው ያለቅሳል፣ ሩዝ ይበላል።

ጨርቁ ተገለጠ። ነጭ እብነ በረድ ነው። ከላይ በነሱ ቋንቋ፣ ከታች በእኛ። እንግዶቹ የላዩን አንብበው ዓይናቸው እስኪያብጥ አለቀሱ። እኔ የታችኛውን አነበብኩ፦

«ይህ የእጅ መታጠቢያ፣ ልጇን ሳታሳድግ በሞት ለተለየችው መታሰቢያ ይሁን» ይልና ስሜ። ስሜ ከነአባቴ ስም!

በኋላ እንደሰማሁት ባልየው የሟቿን ስም ከቢሮ ጠይቆ፣ ጸሐፊዋ ከሚጣ የትምህርት ቤት ፋይል ላይ «የእናት ስም» ከሚለው ገልብጣ ሰጠችው። አስተባባሪው ድንጋዩ ሲመጣ አይቶታል። አይቶ፣ ጨርቅ አልብሶ፣ ዝም።

ወረቀት ላይ መሞቴን ችዬው ነበር። ለሁለት ዓመት ትምህርት ስል እችለው ነበር። «ልጇን ሳታሳድግ» የምትለዋን ግን አልቻልኳትም። ያንን ሁሉ ትኩሳት፣ ያንን ሁሉ የደብተር ልባስ፣ ያንን ሁሉ ሹሩባ ማን ሠራው? ነፍሴ? ጭልፋዬን እንደያዝኩ በሰዉ መሐል ሰንጥቄ ወጣሁ።

«ይሄ ስም የኔ ነው!» አልኩ። «እኔ ነኝ! አልሞትኩም! ይቺ ልጅ ከዚህ ከሆዴ ነው የወጣችው፣ ያሳደግኋትም እኔ ነኝ! በቁሜ ቀበራችሁኝ እኮ!»

እንግዶቹ ወደ ሃሌ ዞሩ። ሃሌ ወደ አስተባባሪው ዞረ። አስተባባሪው ራሱን ትንሽ ነቅነቅ አደረገ። ሃሌም ፈገግ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ።

እንግዶቹ አጨበጨቡ! አጨበጨቡ ነው የምላችሁ! ሴትዮዋ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«አንተ፣ ምንድን ነው ያልካቸው?» አልኩት በትከሻዋ ላይ።

«እትዬ፣ በጌታ፣ ተረጋጊ። ‹እንደ ገዛ ልጄ ነው የማያት› ብላለች ነው ያልኩት።»

ለራሴ ሞት ማጽናኛ እየተቀበልኩ ቆሜ ቀረሁ። አፍ እያለኝ አፍ አጣሁ።

ያኔ ሚጣ ከሃሌ እጅ ማይኩን ቀማችው። ወረቀቷን አላየችም። ያወራችው በነሱ ቋንቋ ነው፤ አጭር ነበር፣ አንድ ትንፋሽ እንኳ አይሞላም። እኔ ቋንቋውን አላውቅም፤ ከመሐሉ የለየሁት አንድ ቃል ብቻ ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ ስሰማው የከረምኩት። «ማሚ» አለች። ጣቷ ግን ወደ እኔ ነበር።

አንገቴ ላይ የነበሩት እጆች ወረዱ። ሴትዮዋ እኔን አየች፣ ድንጋዩን አየች፣ ከዚያ ወደ ሚጣ ዞራ አንድ ነገር ጠየቀቻት።

«ምን አለችሽ?» አልኳት።

«‹ስንት ዓመት ስትዋሺን ኖርሽ?› አለችኝ።»

እሱን አይደለም። እኔን እንኳ አይደለም። ልጄን! እንደዚያን ጊዜ ተናድጄ አላውቅም።

«ንገሪያት» አልኳት። «እንደዚያ ሃሌ እንዳታደርጊ፤ አንድም ሳትቀንሺ። ፎርሙን የሞላው ያ ከረባት ያሰረው ሰውዬ ነው በያት። ሳታነብ የፈረመችው ደግሞ እናቴ ናት በያት። እኔ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ በያት።»

አለች። ሴትዮዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«ሰባት ዓመት ሙሉ ፎቶሽን አይተዋል። አንድ ቀን ‹ይቺን ልጅ ፀጉሯን ማን ጎነጎነላት?› ብለው ጠይቀዋል ወይ በያት።»

ይህችን ስትተረጉም ድምፅዋ ተሰበረ፤ ግን ጨረሰችው። ባልየው ባርኔጣውን አወለቀ።

«ስላስተማሩሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በያት፤ ከልቤ ነው። እናት ያላትን አናስተምርም ካሉ ግን ይቅርብን በያት።»

ሚጣ ዞራ አየችኝ። «ይሄንንም ልበላት?»

ለካ የሚቀረው ትምህርት የሷ ነው። «እሱን አንቺ ታውቂያለሽ» አልኳት። «ሁለቱ ዓመት ያንቺ ነው።»

ገንዳው ውስጥ ካልተዘጋው ቧንቧ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ከዚያ ፊቷን ወደ ሴትዮዋ መልሳ ተናገረችው። ሁሉንም እንደተናገረችው ከአስተባባሪው ሁኔታ አወቅኩ፤ ከረባቱን ፈትቶ ተቀመጠ።

ያኔ ከወጥ ቤት አንድ ሽታ መጣ።

«እማ፣ ሩዙ!» ብላ ጮኸች ሚጣ፣ በማይኩ፣ ሁለት መቶ ሰው እየሰማ።

በአስራ አንድ ዓመት የወጥ ሠሪነቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አረረብኝ። ያረረውን አቀረብኩላቸው።

ከባልና ሚስቱ ደብዳቤ ይደርሰናል ብለን ጠበቅን። ደረሰ። «ፕሮግራሙ ወላጅ ላጡ ልጆች ብቻ መሆኑን እንገልጻለን» ይላል። ከታች የፈረመው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አስተባባሪው! እኔም ከሥራ ተሰናበትኩ፤ ምክንያቱ «የምግብ ብክነት» ተባለ። አሁን የሠራተኞች ካፌ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ሚጣ ሰማንያ ልጅ በአንድ ክፍል የሚማርበት ትምህርት ቤት ገብታለች። ትናደዳለች፤ አንዳንድ ቀን በእኔም ትናደዳለች። ትናደድ፤ መብቷ ነው።

ባለፈው ሳምንት ግን ግንበኛውን መንገድ ላይ አገኘሁት። ድንጋዩ አሁንም እዚያው ነው አለኝ። አዲስ እንግዶች መጥተው አጠገቡ ፎቶ ተነሡ፤ አስተባባሪው ስለ ሟቿ ተረከላቸው፣ አለቀሱም።

በማግስቱ መሮና መዶሻ ይዤ ከሚጣ ጋር ሄድኩ። በጠራራ ፀሐይ፣ በዋናው በር። ሁለት ጊዜ እንደመታሁ ዘበኛው እየሮጠ መጣ፤ አዲስ ሰው ነው፣ አያውቀኝም።

«ሴትዮ፣ ምን እየሠራሽ ነው? የሟች መታሰቢያ እኮ ነው!»

መታወቂያዬን አውጥቼ ሰጠሁት። ድንጋዩን አነበበ፣ መታወቂያውን አነበበ፣ እኔን ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «በይ እማማ፣ እጅሽን እንዳትመቺ» ብሎ መዶሻውን ተቀበለኝ።

ድንጋዩን ነቅለን በአንድ ጫፍ እኔ፣ በአንድ ጫፍ ሚጣ ይዘን ወጣን። አሁን ቤቴ ውስጥ ሽንኩርት እከትፍበታለሁ፣ ጽሑፉን ወደ ላይ አድርጌ። «ልጇን ሳታሳድግ» የሚለው መስመር መደምሰስ ጀምሯል።